ነግ በኔ፤ የኮሪያው ተራማጅ መሪ የቾ ቦንግ-አም ሕይወትና ፍርድ

ኮሪያ ሲባል በአገራችን ቀድሞ የሚነሣው የቃኘው ሻለቃ ስም ነው። ተገቢም ነው፤ በ1951 በሜይ ወር ፑሳን ወደብ ላይ የወረደው የመጀመሪያው ሻለቃና በየተራው የተኩት ወንድሞቹ ከ120 የሚበልጡ ጓደኞቻቸውን ያጡበት ምድር ስለ ሆነ ኮሪያ ለኛ ባዕድ አገር አይደለችም። ነገር ግን በዚያው ዘመን፣ የኛ ወታደሮች ከተሰለፉበት ግንባር በስተኋላ፣ በደቡብ ኮሪያ ፓርላማና ፍርድ ቤት ውስጥ ሌላ ትግል ይካሄድ እንደ ነበረ በመካከላችን እምብዛም አይወራም። የዚያ ትግል ዋና ሰው ቾ ቦንግ-አም ይባላል። በ1956 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ከ2 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አገኘ፤ በ1959 በስቅላት ተቀጣ፤ በ2011 የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከስለላው ክስ ነጻ ነው ብሎ ፈረደለት።

በዚህ ጽሑፍ የሰውየውን ሕይወት በቅደም ተከተል እንመለከታለን። የምንጽፋቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አንባቢ ግን ታሪኩን ሲከተል አንድ ጥያቄ በልቡ እንዲይዝ እንለምናለን። ቾን የከሰሰው መንግሥት ነው፤ የፈረደበትም ፍርድ ቤት ነው፤ ታዲያ የቀሩት የአገሪቱ ፖለቲከኞች በዚያን ጊዜ ምን ያደርጉ ነበር?

1. ከጋንግህዋ ደሴት እስከ ሺንዊጁ ወህኒ ቤት

በኮሪያ ልማድ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ ስለዚህ «ቾ» የወገኑ፣ «ቦንግ-አም» የራሱ ስም ነው። የተወለደው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ፣ በኢንቾን ከተማ አጠገብ ባለችው በጋንግህዋ ደሴት፣ ከደኻ ገበሬ ቤት ነው። ጥቂት ትምህርት ከቀሰመ በኋላ በተወለደበት ወረዳ ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ተቀጠረ። ይህ ዓይነቱ ልጅ እንደ ወትሮው ቢሆን ኖሮ በዚያው ጽሕፈት ቤት ሸምግሎ ጡረታ ይወጣ ነበር።

ነገር ግን ጃፓን ኮሪያን በ1910 ጠቅልላ ይዛ ነበር። በ1919 ማርች 1 ቀን የኮሪያ ሕዝብ ነጻነቱን ለመጠየቅ በየከተማው በሰልፍ ሲወጣ ወጣቱ ጸሐፊም ተካፋይ ሆነ፤ ለዚህም አንድ ዓመት ታሰረ። ወደ ወህኒ ቤት የገባው የወረዳ ጸሐፊ ሲሆን የወጣው ግን የፖለቲካ ሰው ሆኖ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ቶክዮ ተሻግሮ በቹኦ ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ ከኮሪያ አናርኪስት ተማሪዎችም ጋር ተባበረ። ቀጥሎ ሞስኮ ወደሚገኘው የምሥራቅ ሠራተኞች ኮሙኒስት ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ የሳንባ ነቀርሳ ስለ ያዘው ግን ትምህርቱን ሳይፈጽም ተመለሰ። በ1925 በኤፕሪል ወር በሴኡል ከተማ የኮሪያ ኮሙኒስት ፓርቲ በምስጢር ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ እሱ ነበር።

የሚቀጥሉትን ዓመታት ያሳለፈው አብዛኛውን በሻንግሃይ፣ በስደትና በምስጢር ሥራ ነው። በ1932 እዚያው ተይዞ ለጃፓኖች ተሰጠና 7 ዓመት ተፈረደበት። የታሰረበት የሺንዊጁ ወህኒ ቤት ከማንቹሪያ ጋር በሚያዋስነው በያሉ ወንዝ ዳር ነው፤ ክረምቱ እጅግ ብርቱ ስለ ሆነ ውርጩ የእጆቹን ጣቶች ጫፍ በላው። እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ሰው ሲጨብጥ ያ ጎዶሎ እጅ ይታይ ነበር። ከእስር ከወጣ በኋላም አልተተወም፤ በ1945 መጀመሪያ እንደገና ተያዘ። ጃፓን ድል ሆና ኮሪያ ነጻ በወጣችበት ጊዜ፣ በኦገስት 15 ቀን 1945፣ እሱም ከብዙ እስረኞች ጋር ተፈታ።

2. ከሁለቱም ወገን የራቀ ሰው

ነጻነቱ ሙሉ አልነበረም። አገሪቱ በ38ኛው የኬክሮስ መሥመር ተከፍላ ሰሜኑን ሶቪየት ኅብረት፣ ደቡቡን አሜሪካ ያዘ። በዚህ ጊዜ ቾ ብዙዎችን ያስደነገጠ ነገር አደረገ። በ1946 የኮሙኒስት ፓርቲውን መሪ ፓክ ሆን-ዮንግን በብርቱ የሚነቅፍ ደብዳቤው በጋዜጣ ወጣ፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ከፓርቲው መለየቱን በይፋ ገለጸ። አሳቡ በአጭሩ ይህ ነበር፤ አዲሲቱ ኮሪያ የአንድ ክፍል ብቻ መንግሥት ልትሆን አይገባም፤ በሠራተኛው ስም የሚገዛ አምባገነን እንደማይበጃት ሁሉ ባለጸጎች ብቻ የሚያዙባት አገር መሆንም አይበጃትም።

ለእምነቱ ከ7 ዓመት ያላነሰ ወህኒ ቤት የኖረ ሰው እንዲህ ብሎ ሲናገር ፈርቶ ነው ለማለት ያስቸግራል። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮሙኒስቶች ከሐዲ አሉት፤ ወግ አጥባቂዎችም ቢሆኑ የጥንት ታሪኩን አልረሱለትም። በ1948 በደቡቡ ክፍል ብቻ ምርጫ ሲደረግ፣ ይህ አገሪቱን ለሁለት ያጸናል ብለው ግራ ክንፎቹና እንደ ኪም ኩ ያሉ ታላላቅ አርበኞች አንካፈልም ሲሉ፣ እሱ ግን ተወዳድሮ ከኢንቾን ተመረጠ። በዚህ ውሳኔው የሚወቅሱት አሉ፤ ወቀሳውም ያለ ምክንያት አይደለም። የሱ መልስ በሥራው የታየ ነው፤ ከውጭ ቆሞ ከመርገም ሕግ በሚወጣበት ቤት ገብቶ ለደኻው የሚሆን ነገር ማስገባት ይሻላል የሚል ነበር።

3. የመሬቱ ነገር

በእርግጥም ያስገባው ነገር ነበር። ቾ የሕገ መንግሥቱን ረቂቅ ካዘጋጁት 30 የሸንጎ አባሎች አንዱ ሲሆን፣ በ1948 የጸደቀው ሕገ መንግሥት የእርሻ መሬት ለገበሬዎች እንዲከፋፈል ይደነግጋል። ፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪ የመጀመሪያውን ካቢኔ ሲያቋቁም ቾን የእርሻ ሚኒስትር አድርጎ ሾመው። ጃፓኖችና የአገሩ ባለርስቶች ለብዙ ዘመን ጭሰኛ አድርገውት ለኖረው ገበሬ ይህ ሹመት ትልቅ ተስፋ ነበር።

የቾ ሚኒስቴር ያወጣው ረቂቅ እንዲህ ይል ነበር። ባለመሬቱ የመሬቱን የአንድ ዓመት ምርት 150 ከመቶ ካሳ ያገኛል፤ ገበሬው ግን የሚከፍለው 120 ከመቶውን ብቻ ነው፤ ልዩነቱን መንግሥት ይችላል። በሸንጎው የባለርስቶች ወገን ብርቱ ስለ ነበረ ረቂቁ ብዙ ተጎተተ። ቾም በመንግሥት ገንዘብ አላግባብ ተጠቅሟል የሚል ክስ ቀረበበትና ሚኒስትር በሆነ በ6 ወሩ፣ በፌብሩዋሪ 1949፣ ከሥልጣኑ ለቀቀ፤ ፍርድ ቤት በዚህ ክስ ጥፋት አላገኘበትም። ሕጉ በ1949 ወጥቶ በ1950 በማርች ወር ሲሻሻል የገበሬው ዕዳ ወደ 150 ከመቶ ከፍ ብሎ በ5 ዓመት እንዲከፈል ተወሰነ፤ አንድ ቤተሰብም ከ3 ሔክታር ያህል በላይ የእርሻ መሬት እንዳይዝ ተከለከለ። ቾ እንዳሰበው ለገበሬው አልቀለለም፤ ቢሆንም ለዘመናት የቆየው የባለርስትና የጭሰኛ ሥርዓት በዚህ ሕግ ተሰበረ።

በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» እያሉ በአዲስ አበባ ጎዳና የወጡትን ቀደምቶቻችንን ለምናስታውስ ለኛ ተማሪዎች ይህ ምዕራፍ ሰፊ ማብራሪያ አያሻውም። በኛ አገር የገጠር መሬት አዋጅ እስከ 1967 ዓ.ም. ሲጠበቅ፣ በደቡብ ኮሪያ ሥራው የተጀመረው በፓርላማ ክርክርና በሕግ መሆኑን ግን ልብ ማለት ይገባል።

4. የድምፁ ብዛት ያመጣው ጣጣ

ቾ በ1950 እንደገና ተመርጦ የሸንጎው ምክትል አፈ ጉባኤ ሆነ። ጦርነቱም በዚያው ዓመት በጁን 25 ቀን ፈነዳ። ኋላ የሰሜን ሰላይ ተብሎ የሚከሰሰው ይህ ሰው፣ በዚያ ጦርነት ባለቤቱ በሰሜኖቹ ተወስዳ እንደ ቀረች መዘንጋት የለበትም።

በ1952 ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ ሲመርጥ ቾ ተወዳድሮ 797,504 ድምፅ አገኘ፤ ሪ ከ5.2 ሚሊዮን በላይ አግኝቶ አሸነፈ። በ1954 የፓርላማ ምርጫ ግን እንቅፋት ስለ በዛበት እጩነቱን ለማስመዝገብ እንኳ አልቻለም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሪ ወገን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ያለ ገደብ እንዲመረጥ ሕገ መንግሥቱን ሊያሻሽል ተነሣ። ከ203 አባሎች ሁለት ሦስተኛው 135 ከሲሶ ነው፤ የተገኘው ድምፅ 135 ስለ ሆነ ማሻሻያው ወደቀ ተባለ። ሁለት ቀን ቆይቶ ግን ሲሶ ሰው ስለሌለ ክፍልፋዩ ተጥሎ 135 ይበቃል ተብሎ ጸደቀ። ሒሳብ ለፖለቲካ እንዲህ ሲታዘዝ በዓለም ላይ ብዙ ጊዜ አልታየም።

በዚህ የተቆጡት ተቃዋሚዎች አንድ ፓርቲ ለማቋቋም ተሰባሰቡ። ቾም ከነሱ ጋር ሊገባ ፈለገ። በመካከላቸው ያሉት ወግ አጥባቂዎች ግን ድሮ ኮሙኒስት ነበር ብለው በሩን ዘጉበት። ዲሞክራቲክ ፓርቲ የተባለው ይህ ድርጅት በ1955 ያለ እሱ ተመሠረተ። አንባቢ ይህን ነገር ይያዝልን፤ እንመለስበታለን።

የ1956 ምርጫ ደረሰ። ዕለቱ ሜይ 15 ነበር። የዲሞክራቲክ ፓርቲው እጩ ሺን ኢክ-ሂ ከምርጫው 10 ቀን ሲቀረው ለቅስቀሳ ሲጓዝ ባቡር ውስጥ በድንገት ሞተ። ፓርቲው ግን ለቾ ድምፅ ስጡ ብሎ ደጋፊዎቹን አላዘዘም፤ 1.8 ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ ለሟቹ መታሰቢያ ድምፁን በከንቱ ጣለ። እንዲህም ሆኖ ቾ 2,163,808 ድምፅ አገኘ፤ ይህም ዋጋ ካለው ድምፅ 30 ከመቶ ነው። ሪ 5,046,437 አግኝቶ ተመረጠ። የሟቹ ድምፅና የቾ ድምፅ ሲደመሩ የሽማግሌው ፕሬዚዳንት ዙፋን እንደ ተነቃነቀ ማንም ሊያይ ይችል ነበር።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር 10 ቀን ቾ ተራማጅ ፓርቲን አቋቋመ። ፕሮግራሙ ሦስት ዐበይት ነገሮች ነበሩት። ሰው የሰውን ጉልበት የማይበዘብዝበት ማኅበራዊ ሥርዓት፤ በፕላን የሚመራና ለሠርቶ አደሩ የሚያስብ ኢኮኖሚ፤ የሁለቱም ኮሪያዎች በሰላም መዋሐድ ናቸው። የሪ መንግሥት መፈክር ግን ወደ ሰሜን ዘምቶ በጦር ማዋሐድ ነበር። ስለዚህ «ሰላም» የሚለው ቃል ራሱ የሚያስከስስ ሆነ።

5. ሦስት ፍርድ ቤቶች፣ ሦስት ፍርዶች

በጃኑዋሪ 1958 የፓርላማ ምርጫ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ቾና የፓርቲው መሪዎች ተያዙ፤ በፌብሩዋሪ የፓርቲው ምዝገባ ተሰረዘ። ቀጥሎም ከበድ ያለ ክስ መጣ። በሰሜንና በደቡብ መካከል የሚነግድ ያንግ ምዮንግ-ሳን የሚባል ሰው ከሰሜን ገንዘብ አምጥቶ ለቾ ሰጥቷል የሚል ነበር። ያንግን የመረመረው በሕግ ወታደር ያልሆነን ሰው ለመመርመር ሥልጣን ያልተሰጠው የጦር ሠራዊቱ የጸረ ስለላ ክፍል ነው።

የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በጁላይ 2 ቀን 1958 ፈረደ። ዳኛው ዩ ብዮንግ-ጂን ቾን ከስለላው ክስ ነጻ አድርጎ በቀሩት ክሶች 5 ዓመት እስራት ወሰነበት። ከጥቂት ቀናት በኋላ የጸረ ኮሙኒስት ወጣቶች ነን የሚሉ ሰዎች ፍርድ ቤቱን ወርረው በዳኛው ላይ የሞት ዛቻ አሰሙ። ያ ዳኛ የሹመት ዘመኑ ሲያበቃ እንደገና አልተሾመም። ሌሎቹ ዳኞች ከዚህ ምን እንደ ተማሩ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

በይግባኙ ላይ ያንግ ቃሉን ለወጠ፤ ቀድሞ የተናገረው በመርማሪዎቹ ማታለልና ግፊት እንደ ሆነ አስረዳ። ማስረጃው ሁሉ የቆመው በዚህ ሰው ቃል ላይ ስለ ነበር ክሱ ሊፈርስ ይገባው ነበር። ይግባኝ ሰሚው ግን በኦክቶበር 25 ቀን ሁለቱንም በሞት ቀጣ። በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1959 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጨረሻውን ፍርድ ሰጠ። የፓርቲው ፕሮግራም ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጋጭም አለ፤ የፓርቲውን መሪዎች በነጻ ለቀቀ፤ በቾ ላይ ግን የሞቱን ፍርድ አጸና። ፕሮግራሙ ሕጋዊ ከሆነ፣ ባልደረቦቹም ንጹሐን ከሆኑ፣ ወንጀሉ ከያንግ የተካደ ቃል በቀር ምን ላይ ቆመ? ቾ ፍርዱ እንደገና እንዲታይ ያቀረበው ጥያቄ በጁላይ 30 ውድቅ ሆነ። በነጋታው ጁላይ 31 ቀን 1959 በሴኡል በሶዴሙን ወህኒ ቤት ተሰቀለ።

6. ዝም ያሉት

ከላይ ያነሣነውን ጥያቄ አሁን እንመልስ። ትልቁ ተቃዋሚ ዲሞክራቲክ ፓርቲ በዚህ ሁሉ ጊዜ እንደ ፓርቲ ለቾ አልቆመለትም። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። ቾ በድምፅ የሚሻማቸው ሰው ነበር፤ የኮሙኒስት ስም ከተለጠፈበት ሰው አጠገብ መታየትም ያስፈራ ነበር። ነገሩን የሌላ ሰው ጉዳይ አድርገው አሳለፉት። አባቶቻችን ለዚህ ዓይነቱ ጊዜ ሁለት ቃል ትተውልናል፤ ነግ በኔ። እነሱ ይህን አላሉም።

ነገ ግን ፈጥኖ መጣባቸው። በዲሴምበር 24 ቀን 1958፣ ቾ በሞት ከተቀጣ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ የጸጥታውን ሕግ የሚያጠብቅ ረቂቅ ሲቀርብ የዲሞክራቲክ ፓርቲ አባሎች ከሸንጎው አዳራሽ በዘበኞች ተጎትተው ወጡና ሕጉ በሌሉበት ጸደቀ። በኤፕሪል 30 ቀን 1959 ለተቃዋሚው ወገን የሚያደላው ክዮንግህያንግ ሺንሙን ጋዜጣ ተዘጋ። በማርች 15 ቀን 1960 የተደረገው ምርጫ ደግሞ እጅግ ስለ ተጭበረበረ የዲሞክራቲክ ፓርቲው የምክትል ፕሬዚዳንት እጩ ቻንግ ምዮን እንዲወድቅ ተደረገ። ለቾ የተማሰው ጉድጓድ ለነሱም በቂ ስፋት ነበረው።

ያን ጊዜ የተነሡት ተማሪዎች ናቸው። በማሳን ከተማ ኪም ጁ-ዮል የሚባል ተማሪ በአስለቃሽ ጢስ ጥይት ዓይኑን ተመትቶ ሬሳው በኤፕሪል 11 ከባሕር ተገኘ። በኤፕሪል 19 የሴኡል ተማሪዎች ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲተሙ ፖሊስ ተኮሰባቸው። በጠቅላላው ከ180 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በ25ኛው ቀን መምህሮቻቸው ተከተሏቸው፤ በ26ኛው ቀን ሪ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ቀጥሎም ወደ ሐዋይ ሄደ። ይህ ለዓለም ተማሪ ሁሉ የሚያኮራ ታሪክ ነው። ነገር ግን ቀኑን እንቁጠር፤ ቾ ከተሰቀለ ገና 9 ወር አልሞላም ነበር። ያ ጎርፍ 9 ወር ቀድሞ ቢወርድ ኖሮ አንድ ንጹሕ ሰው ያድን ነበር።

7. እውነትና ንጋት

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ደቡብ ኮሪያ ከጦርነት የወጣች፣ ጠላት በደጃፏ የቆመባት አገር ነበረች፤ ድሮ ኮሙኒስት የነበረን ሰው መጠርጠሯ ምን ያስደንቃል? የሚል ነው። እኛም መጠርጠሯ አያስደንቀንም። ጥርጣሬ የምርመራ መጀመሪያ ነው፤ ፍርድ ሆኖ ሲቀመጥ ግን አገርን አያድንም። «በሰላም መዋሐድ» የሚለውን፣ በቾ ጊዜ የሚያስከስሰውን ቃል፣ በጁላይ 4 ቀን 1972 የደቡቡና የሰሜኑ መንግሥታት ራሳቸው በጋራ መግለጫቸው ላይ አሰፈሩት። የተናገረው ሰው ከተቀበረ 13 ዓመት ሊሞላው ነበር።

በ2007 የአገሪቱ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ የፖለቲካ ተቀናቃኝን ለማጥፋት የተደረገ መሆኑን ገልጾ ፍርዱ እንደገና እንዲታይ አሳሰበ። በጃኑዋሪ 20 ቀን 2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤት 13ቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ ከስለላው ክስ ነጻ አደረጉት፤ ፈቃድ የሌለው ሽጉጥ ይዞ መገኘቱ ብቻ ጥፋት ሆኖ ቀረ፤ ለዚያም ቅጣት አልተወሰነበትም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። በቾ ነገር እውነቱ ለመጥራት 52 ዓመት ወሰደበት። ተረቱ ስለ እውነት የተናገረው ትክክል ነው፤ እስኪነጋ ድረስ በጨለማው ውስጥ ስለሚሞተው ሰው ግን አይነግረንም። የቾ ልጆች ማንግኡሪ በተባለው መካነ መቃብር ያቆሙለት ድንጋይ ስሙ ብቻ ተጽፎበት፣ ጀርባው የሕይወት ታሪኩ ሳይቀረጽበት ባዶውን ለብዙ ዓመታት ቆሟል። ወንጀለኛ ስለ ተባለ ሰው የሚጻፍ ታሪክ አልነበረምና።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ የቾን የፖለቲካ አሳብ መቀበል ግዴታችን አይደለም። ፕላን ያለው ኢኮኖሚ ይሻላል ወይስ አይሻልም የሚለውን በክርክር ክበባችን ወዲያና ወዲህ ልንሟገትበት እንችላለን። ነገር ግን አንድ ሰው በስም ሲወገዝ፣ በተለይም የማንወደው ሰው ወይም የሚቀናቀነን ሰው ሲሆን፣ ሦስት ጥያቄ የመጠየቅ ልማድ ይኑረን። ማስረጃው ምንድን ነው? የመረመረው ማን ነው? ነጻ ነው ብሎ የሚፈርድ ዳኛ ማታ ቤቱ በሰላም ይገባልን? የኮሪያ ፖለቲከኞች እነዚህን ጥያቄዎች በ1958 ቢጠይቁ ኖሮ የ1960ዎቹ ተማሪዎች በደማቸው ባልጠየቋቸውም ነበር።